ቱኬይ25ን ከመግዛቴ በፊት፦ ጥንካሬና ድክመቱን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ንገሩኝ

ሦስተኛው_ሩብ

ሰላም ለሁላችሁ። የቅርጫት ኳስ ጌሙን ኤንቢኤ ቱኬይ25ን በፕሌይስቴሽን 5 ለመግዛት እያሰብኩ ነው። የማውቀው ቱኬይ20ን በፕሌይስቴሽን 4 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡትን በቪዲዮ ብቻ ነው የማያቸው። የምፈልገው አንድ ቡድን ይዤ ለብዙ የውድድር ዘመን መምራት፣ ጨዋታዎቹንም ራሴ መጫወት ነው። ካርድ መሰብሰብም ሆነ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ኦንላይን መግጠም ብዙም አይስበኝም።

ግምገማዎች ሳነብ ግማሹ ሰው ከዚህ የተሻለ የቅርጫት ኳስ ጌም የለም ይላል፣ ግማሹ ኪስ ከማራቆት በቀር ሥራ የለውም ይላል። ስለ አንድ ጌም የሚያወሩ አይመስሉም። እስቲ ጠለቅ አድርጋችሁ የምታውቁት ንገሩኝ፦ ሜዳ ላይ ምኑ ነው ጥሩ? ኮምፒውተሩ ሲጫወት የት ላይ ይበላሻል? ውጤቱና ስታቲስቲክሱ እውነተኛውን ሊግ እንዲመስል ምን መነካካት አለበት? ሰርቨሩ ሲዘጋስ ምን ይቀርልኛል?


ፒክ_ኤንድ_ሮል

ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ የገመገሙት ግን የተለያየ ክፍል ነው። ሜዳውን ያየ ያደንቃል፣ ሱቁን ያየ ያማርራል። አንተን የሚመለከትህ ሜዳው ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ከቱኬይ20 ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የእግር ነገር ነው። በድሮው ትውልድ ተጫዋቾቹ ወለሉ ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ አቅጣጫ ሲቀይሩ የሰውነታቸው ክብደት አይይዛቸውም። የፕሌይስቴሽን 5 ስሪት ከቱኬይ21 ጀምሮ ይህን እያረመ መጣ። ቱኬይ24 ላይ ደግሞ ፕሮፕሌይ የሚሉት ዘዴ ገባ፤ የእውነተኛ ጨዋታ ምስል ተወስዶ ወደ ጌሙ እንቅስቃሴ የሚቀየርበት ነው። አሁን የተጫዋቹን ፊት ሳታይ በአረማመዱና በሹት አጣጣሉ ማን እንደሆነ ትለያለህ። ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አይደለም። ኳስ የያዘው ሰው በየትኛው እግሩ ላይ እንደቆመ ካየህ ወዴት መሄድ እንደማይችል ታውቃለህ፤ መከላከልም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይኸው ክብደት ግን ልምድ የሌለውን ይቀጣል። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት አር2ን (የመሮጫውን ቁልፍ) ጨብጦ ወደ ሹት አድራጊው መሮጥ ነው። በሙሉ ፍጥነት የመጣ ተከላካይ መቆም ስለማይችል ሰውየውን አልፎት ይሄዳል፤ አለዚያም ሦስት ማዕዘኑን ትጫንና ላዩ ላይ ወርደህበት ሦስት ፍሪ ትሮው ትሰጠዋለህ። ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀርህ አር2ን ልቀቅ፣ ኤል2ን ያዝ፣ ቀኙን ስቲክ ገፍተህ እጅ አንሳ። ብዙ ጊዜ መዝለል አያስፈልግም። ፊት ለፊቱ እጁን አንስቶ የቆመ ተከላካይ ብቻውን የሹቱን ጥራት ያወርደዋል።

ድሪብል ላይ ትልቁ መሻሻል ከቱኬይ23 የመጣው የአድሬናሊን ገደብ ነው። ከተጫዋቹ በታች ሦስት ትናንሽ አሞሌዎች ታያለህ። በኃይል በተፈተለክክ ቁጥር አንዱ ይጠፋል፤ ሦስቱም ካለቁ ፍጥነቱም ሹቱም ይወድቃል፣ እስከሚቀጥለው የማጥቃት ተራም አይመለሱም። ድሮ ሃያ ሰከንድ ሙሉ ግራ ቀኝ እየተወዛወዙ ተከላካይን ማድከም የተለመደ ነበር፤ አሁን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ አንዷን ለመጀመሪያ ጥቃት አውጣት፣ ካልተሳካ ኳሱን አቀብል፣ ስክሪን አስመጣ፤ ማለትም የቡድን ጓደኛህ መጥቶ ተከላካይህን በሰውነቱ ይጋርድልህ።

ሹት በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንደኛው የለመድከው ነው፤ አራት ማዕዘኑን ይዘህ በጊዜው መልቀቅ። ሁለተኛው ቱኬይ25 ያመጣው የሪትም ሹት ነው፤ ቀኙን ስቲክ ወደ ታች ትስብና ከተጫዋቹ እንቅስቃሴ ጋር በሚመጣጠን ፍጥነት ወደ ላይ ትገፋለህ። እዚህ የሚለካው መልቀቂያው ቅጽበት ብቻ ሳይሆን የገፋህበት ፍጥነትም ስለሆነ ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። በየትኛውም መንገድ ሂድ፣ ዓይንህ ሜትሩ (የጊዜ መለኪያው አሞሌ) ላይ ሳይሆን ሰውየው እጅ ላይ ይሁን። ሴቲንግ ውስጥ የመልቀቂያውን ምልክት መምረጥ ትችላለህ፦ ከመሬት ሲነሳ፣ ኳሱ ከፍታው ላይ ሲደርስ፣ መግፋት ሲጀምር ወይም ኳሱ ከጣቱ ሲለይ። ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚለቅ ሰው ቀደም ያለ ምልክት ቢመርጥ ይቀለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገይ ደግሞ ወደ ኋላ የመጣውን። ከሹቱ በኋላ የሚወጣውን ጽሑፍ አንብብ፤ ፈጥነህ ወይስ ዘግይተህ እንደለቀቅክ፣ ተከላካዩ ምን ያህል እንደሸፈነህ ለየብቻ ይነግርሃል። የተሸፈነን ሹት ጊዜ አጠባበቅ አያድነውም።

የኮምፒውተሩ ድክመት ላይ እንምጣ። አንደኛ፣ በፈጣን ጥቃት ጊዜ ሲመለስ ሁሉም ወደ ኳሱና ወደ ቀለበቱ ይሰበሰባል፤ ማዕዘን ላይ የቆመ ሹት አድራጊ ብቻውን ይቀራል። ይህን አንዴ ካወቅክ በየጨዋታው አምስት ስድስት ነፃ ሦስት ነጥብ ታገኛለህ፤ ጨዋታውን ያቀለዋል። ሁለተኛ፣ ጀርባውን ለኳሱ የሰጠ ተከላካይ እጁ በአጋጣሚ ተነስቶ ፓስህን ሲያከሽፍ ታያለህ። ከሜዳው ጫፍ ወደ ጫፍ የሚወረወር ረጅም ፓስ ላይ ይብሳል። ለዚህ መፍትሔው አር1ን ተጭነህ ተቀባዩን በስሙ ምልክት መምረጥና በተከላካዮች መካከል ስትሰድ ክቡን ተጠቅመህ ወለል ነክቶ የሚያልፍ ፓስ መስጠት ነው። ሦስተኛ፣ የጨዋታ መጨረሻ። በሰባት ነጥብ ተመርቶ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ሰዓቱን እንደሚገባው አያስተዳድርም፤ ፋውል ማድረግ ሲገባው ይጠብቃል፣ ሦስት ነጥብ ሲያስፈልገው ሁለት ይሄዳል። ሁልጊዜ ባይሆንም ጥሩ ጨዋታ ለማበላሸት ይበቃል።

ፒክ ኤንድ ሮል ራሱ ግን በየትኛውም ጌም ከዚህ የተሻለ አልተሠራም። ኤል1ን ያዝ፣ ትልቁ ሰው መጥቶ ስክሪን ይሠራልሃል፣ ከዚያ ወደ ቀለበቱ ይንከባለላል። ሴንተራቸው (ቀለበት የሚጠብቀው ትልቁ ሰው) ወደ ኋላ ከቀረ መካከለኛ ርቀት ላይ ቆመህ ሹት አድርግ፤ ወደ አንተ ከወጣ ለሚንከባለለው ሰው ወለል ነክቶ የሚያልፍ ፓስ ስጥ፤ ከማዕዘን ሰው ለእርዳታ ከመጣ ማዕዘን ላይ ለቀረው ስደድለት። እውነተኛ ጋርድ የሚያነበውን ነው የምታነበው።


የሊግ_ጸሐፊ

ሜዳውን ፒክ_ኤንድ_ሮል ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ማይኤንቢኤ ልሂድ። አንተ የገለጽከው ሞድ እሱ ነው፤ በእኔ ፍርድ ከጌሙ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራውም እሱ ነው።

ሊጉን ከስድስት ዘመን በአንዱ መጀመር ትችላለህ፦ 1983 የማጂክና የበርድ፣ 1991 የጆርዳን፣ 2002 የኮቢ፣ 2010 የሌብሮን፣ 2016 የስቴፍ ከሪ፣ ከዚያም የዛሬው። ሐሳቡ የገባው በቱኬይ23 ነው፤ የሌብሮን በቱኬይ24፣ የከሪ በቱኬይ25 ተጨመሩ። የ1983 ሊግ 23 ቡድን ብቻ ነው ያለው፣ የ1991 27፣ የ2002 29። ማሊያው፣ ወለሉ፣ የቴሌቪዥን ጽሑፉ፣ ሕጉ ሁሉ የዘመኑ ነው፤ ዓመታት ስትገፋም ሊጉ ይሰፋል፣ ሕጉም ይቀየራል። በ1983 ቡድኖች ሦስት ነጥብ እምብዛም አይሞክሩም፤ መስመሩ ሊጉ ውስጥ የገባው በ1979 ስለሆነ አሰልጣኞቹ ገና አላመኑበትም ነበር። በእውነተኛው የ1983–84 የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 2.4 ብቻ ነው የሞከረው። ከዚያ ዘመን ጀምረህ ሦስት ነጥብን እንደ ዛሬ ብትጠቀም ሊጉን ትበጠብጠዋለህ፤ ስለዚህ ራስህን መግታት ያንተ ፈንታ ነው።

የታሪክ ዘመኖቹ ጉድለት የሚጎድሉት ሰዎች ናቸው። ጡረታ የወጣ ተጫዋች ስምና ገጽታውን ለመጠቀም ከእሱ ጋር ለብቻ መስማማት ይጠይቃል፤ ያልተስማማ አይገባም። በ1991 ቻርልስ ባርክሌይን ብትፈልገው የለም፤ ቦታው ላይ ስም የሌለው ሰው ታገኛለህ። ተጠቃሚዎች የሠሩትን ሮስተር (የተጫዋቾች ዝርዝር) በማውረድ ይህን መሙላት ይቻላል። ሊጉን ከጀመርክ በኋላ ሐሳብ ብትቀይር ግን ሮስተሩ ወደ ኋላ አይገባልህም፤ መጀመሪያ አውርድ፣ ከዚያ ሊጉን ፍጠር።

አሁን ስታቲስቲክሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመጀመሪያው ሴቲንግ ነው። አንተ የምትጫወተው የሩብ ርዝመትና ኮምፒውተሩ ለሌሎቹ ጨዋታዎች በስሌት የሚጠቀመው የሩብ ርዝመት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የተለመደው የአምስት ደቂቃ ሩብ ላይ ተወህ ሌሎቹ 12 ደቂቃ ቢሰሉ ያንተ ኮከብ በጨዋታ 11 ነጥብ፣ የሌላው 29 ይሆናል። የዓመቱ ኮከብ ሽልማትም ወደ ቡድንህ ዝር አይልም። የስሌቱን 12 ላይ አድርግ፤ ያንተንም 12፣ ጊዜ ከሌለህ 10።

ቀጥሎ የጨዋታውን ፍጥነት ለካ። ቀመሩ ይሄ ነው፦ የሹት ሙከራ፣ ሲደመር 0.44 ጊዜ የፍሪ ትሮው ሙከራ፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ (ቡድንህ ስቶ መልሶ የያዘው ኳስ)፣ ሲደመር ያባከንካቸው ኳሶች። ለምሳሌ 88 ሹት፣ 22 ፍሪ ትሮው፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 13 የባከነ ኳስ ካለህ 88 ሲደመር 9.68፣ ሲቀነስ 10፣ ሲደመር 13፤ ወደ 101 የማጥቃት ተራ ማለት ነው። ለዛሬው ሊግ ከ98 እስከ 102 ጤናማ ነው። 115 ከወጣ ጨዋታው ይሮጣል፤ ስላይደር (የጌሙን ባህሪ የሚቀይሩትን የቁጥር ማስተካከያዎች) ከመንካትህ በፊት የቡድኑን የጥቃት ፍጥነት ከአሰልጣኝ ሴቲንግ ቀንስ። ፍጥነቱ ሳይስተካከል የሹት መቶኛን የሚነካካ ሰው ሁለት ስህተት አንዱን በአንዱ ይሸፍናል። ነጥቡ ልክ ይመስላል፣ ሪባውንዱና የባከነው ኳስ ግን ይዋሻሉ።

ከዚያ ስላይደር። ከ0 እስከ 100 ናቸው። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ነጥብ ቀይር፤ ጥቂት ጨዋታ ተጫውተህ አማካዩን እይ። ከአንድ ጨዋታ ተነስቶ መቀየር ሹት ያልገባለትን ሌሊት እንደ በሽታ ማከም ነው። ለማነጻጸሪያ የ2023–24ን አማካይ ያዝ፦ አንድ ቡድን በጨዋታ ወደ 89 ሹት፣ ወደ 35 የሦስት ነጥብ ሙከራ፣ ከሦስት ነጥብ 36.6 በመቶ፣ ወደ 22 ፍሪ ትሮው፣ 114 ነጥብ። ፋውል ካነሰ የሹት ላይ ፋውልንና የእጅ ፋውልን ከፍ አድርግ፤ ፍሪ ትሮው የሚበዛው በዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ነጥቡን ሁሉ ከቀለበት ሥር ካገኘ የቡድንህን የእርዳታ መከላከል ጥንካሬ ጨምር፣ የእሱን ወደ ቀለበት የመግባት ዝንባሌ ቀንስ። የቅርብ ሹት መቶኛውን ብቻ ብትቀንስ ግን ባዶ ሌይአፕ (ቀለበት ሥር የሚደረግ ቀላል ሹት) ሲስት ታየዋለህ፣ ያ ደግሞ ያናድዳል።

የደቂቃ ክፍፍሉን በእጅህ ሥራ። ድምሩ 240 ነው፤ አምስት ሰው ጊዜ 48 ደቂቃ። ለኮምፒውተሩ ከተውከው ዘጠነኛና አሥረኛ ሰው ላይ ደቂቃ ይበትናል። ከችግር ደረጃ ሱፐርስታርን እመክራለሁ።

ረጅም ሊግ ውስጥ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ ግብይቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሦስት መካከለኛ ተጫዋች ሲቀርብለት አንድ ኮከብ ለመስጠት ይታለላል። የድርድሩን ክብደት ከፍ አድርግ፤ በዚያ ላይ ለራስህ ሕግ አውጣ፤ ከአንተ የሚሄደው ቢያንስ አንድ ሰው የቡድንህ ምርጥ አምስት ውስጥ ያለ ይሁን። ሌላው የደረጃ ግሽበት ነው። አምስት ስድስት ዓመት ስትገፋ ከ90 በላይ ደረጃ ያለው ሰው ይበዛል፣ የ82 ተጫዋች ተቀያሪ ይሆናል። የተጫዋቾች ማደጊያና ማሽቆልቆያ ፍጥነት መቀየሪያ አለ፤ ማደጊያውን ከጅምሩ ትንሽ ዝቅ አድርገው። ከተበላሸ በኋላ ማስተካከል የሁለት ሦስት ዓመት ድራፍት (የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ይፈጃል።


ማዕዘን_ሹት

ከጸሐፊው ጋር በብዙው እስማማለሁ፣ በችግር ደረጃው ግን አልስማማም። ሱፐርስታርና ሆል ኦፍ ፌም ላይ ኮምፒውተሩ ይበልጥ አያስብም። የሚሆነው ያንተ ሹት የሚገባበት የጊዜ መስኮት ይጠባል፣ የእሱ ሹት እየተሸፈነም ይገባል፣ ተከላካዮቹ ይፈጥናሉ። ከማዕዘን ሹት አድራጊን ብቻውን የመተው ልማዱ ግን ከእነሱ በታች ባለው ደረጃ ኦል-ስታር ላይ እንዳለው እዚያም አለ። ስለዚህ ቁጥሩ እየከበደ ሄዶ ጨዋታው ያው ይሆናል።

የተሻለው መንገድ ኦል-ስታርን መነሻ አድርጎ የኮምፒውተሩን ዝንባሌዎች መቀየር ነው። ሦስት ነጥብ የመሞከር፣ ሹትን የመገዳደር፣ ወደ ፓስ መስመር የመግባት ዝንባሌዎችን እያንዳንዳቸውን አምስት ያህል ከፍ አድርግ፤ የኮምፒውተሩን የመከላከል ምላሽ ፍጥነትና የእርዳታ ጥንካሬ ደግሞ ሦስት። የሹት መቶኛን ለሁለታችሁም እኩል ተወው። ስትሸነፍ ለምን እንደተሸነፍክ ታያለህ፤ ሱፐርስታር ላይ ግን ሽንፈቱ ብዙ ጊዜ የመስኮቱ መጥበብ ነው፣ ከእሱም የምትማረው የለም።

ሌላም ልጨምር። የሌይአፕ ጊዜ አጠባበቅ የሚባል ሴቲንግ አለ። ከኮምፒውተር ጋር ብቻ ለሚጫወት ሰው አጥፋው ባይ ነኝ፤ ወደ ቀለበት ስትገባ የምታነበው ተከላካዩን እንጂ ሜትሩን አይሁን።


የሊግ_ጸሐፊ

@ማዕዘን_ሹት ስለ መስኮቱ ልክ ነህ። ሱፐርስታርን የመረጥኩት ኦል-ስታር ላይ የኮምፒውተሩ ተቀያሪዎች ከሹት ርቀት ስለሚፈዝዙ ነው። ዝንባሌውን ከፍ ካደረግክ ይስተካከላል የምትለው ለዛሬው ሊግ ይሠራል፤ 1983 ላይ ግን የሦስት ነጥብ ዝንባሌን ከነካህ ዘመኑን ታጠፋዋለህ። እዚያ የመካከለኛ ርቀትና የፖስት (ጀርባን ለቀለበቱ ሰጥቶ የመጫወት) ዝንባሌን ነው መጨመር።


ቤዝላይን

ጥያቄውን ልቀማና፣ ያለብኝን ችግር ላቅርብ። ኮምፒውተሩ ፒክ ኤንድ ሮል በሠራብኝ ቁጥር ተከላካዮቼ ይቀያየራሉ፤ ሴንተሬ ከፈጣን ጋርድ ጋር ውጭ ላይ፣ ትንሹ ጋርዴ ከትልቁ ሰው ጋር ቀለበት ሥር ይቀራሉ። ራሴ ሰው እየቀየርኩ ላስተካክል ስል ይብሳል። ምን ልንካ?


ፒክ_ኤንድ_ሮል

ሴቲንጉ አውቶ ላይ ስለቆመ ነው። አውቶ ማለት ጌሙ በየአጋጣሚው ይወስንልሃል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ስዊች (ተከላካዮቹ ሰው እንዲቀያየሩ) ይመርጣል። የመከላከል ሴቲንጉን ክፈትና ለእያንዳንዱ ተቃዋሚ ተጫዋች ለየብቻ አስተካክል።

ኳስ የያዘው ጥሩ ሹት አድራጊ ከሆነ ጋርድህ ከስክሪኑ በላይ እንዲያልፍ አድርግ፤ ሹት የሌለው ከሆነ ከሥር ይለፍ፣ መግቢያውን ይዘጋል። ለትልቁ ሰው ደግሞ ሴንተርህ ቀርፋፋ ከሆነ ድሮፕ ምረጥ፤ ወደ ቀለበቱ ወርዶ ይጠብቃል፣ መካከለኛ ሹት ትሰጣለህ፣ ሌይአፕና ለሚንከባለለው የሚሰጥ ፓስ ግን ይዘጋል። ሴንተርህ እግረ ፈጣን ከሆነና የሚያጠቃህ ሰው ከድሪብል ላይ ሦስት ነጥብ የሚያስገባ ከሆነ ሃርድ ሄጅ ይሻላል፤ ሴንተርህ ወጥቶ ኳስ የያዘውን ለአፍታ ያግደዋል። ብሊትዝ ማለት ሁለት ሰው ኳሱ ላይ መላክ ነው፤ ተቃዋሚው ሦስት ጥሩ ሹት አድራጊ ካለው አትንካው፣ ከኋላ አራት በሦስት ትቀራለህ። ስዊችን ከሁለት እስከ አራት ቁጥር ያሉት ተከላካዮችህ ቁመታቸው ሲቀራረብ ብቻ ፍቀድ።

የማዕዘኑንም አትርሳ። ኳሱ ያለበት ጎን ማዕዘን ላይ ጥሩ ሹት አድራጊ ከቆመ ከእሱ ላይ እርዳታ እንዳይሄድ አድርግ፤ እርዳታው ከሌላው ጎን ይምጣ። ይህ ብቻ የሚቆጠርብህን የሦስት ነጥብ ብዛት በግልጽ ይቀንሰዋል።

ራስህ የምትይዘውን ሰው በተመለከተ፣ ስክሪን ሲመጣ ኤክስን አትደጋግም። ሰው በቀየርክ ቁጥር የለቀቅከው ተከላካይ ለአንድ አፍታ ቆሞ ይቀራል፤ የሚያልፉህ በዚያች ቅጽበት ነው። ወይ ጋርዱን ይዘህ እስከ መጨረሻው ተከላከል፣ ወይ ከመጀመሪያው ሴንተሩን ያዝ። እኔ ሴንተሩን እመርጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ ኳስ የያዘውን ጥሩ አድርጎ ይከተላል፣ ቀለበት መጠበቅ ግን አይሆንለትም።


ነጭ_መረብ

ስለ ሱቁና ስለ ሰርቨሩ ማንም አልተናገረምና እኔ ልበል፤ ኪስ ያራቁታል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንዲገባህ።

ጌሙ ውስጥ ቪሲ የሚባል ገንዘብ አለ፤ ከቱኬይ13 ጀምሮ ነው የገባው። በጨዋታ ታገኘዋለህ፣ በእውነተኛ ገንዘብም ትገዛዋለህ። ማይካሪየር በሚባለው ሞድ አንድ ተጫዋች ፈጥረህ ታሳድጋለህ፤ ከ60 ደረጃ ይነሳል፤ የችሎታው እያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ከ60 ወደ 70 ቀላል ነው፣ ከ80 ወደ 85 ግን ብዙ ሺህ ቪሲ ይበላል። ኦንላይን የሚገጥምህ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ 85 ሆኖ ይጠብቅሃል። ሌላ ዓይነት ተጫዋች ልሞክር ብትል ከ60 እንደገና ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጌምም ያሳደግከው ሰው አይሻገርም። ማይቲም በሚባለው የካርድ መሰብሰቢያ ሞድ ውስጥ ያለው የካርድ ጥቅል ደግሞ በዕድል ላይ የቆመ ነው። የቱኬይ20 የማይቲም ማስታወቂያ በ2019 ሲወጣ የቁማር ማሽን የሚመስሉ ጨዋታዎችን አሳይቶ ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱም ይህን ጌም ብዙ ልጆች ይጫወቱታል።

ማይካሪየርን ከነካህ አንድ ተጫዋች ብቻ ሥራ። የመሥሪያው ገጽ ለየትኛው ባጅ (ለተጫዋቹ የሚሰጥ ልዩ ብቃት) ስንት ችሎታ እንደሚያስፈልግ ያሳይሃል፣ ቪሲ ሳታወጣም ሰውየውን መሞከር ትችላለህ። ሁሉን የሚችል ሰው ለመሥራት አትጣር፤ ችሎታ በቁመት፣ በክብደትና በክንድ ርዝመት የተገደበ ስለሆነ አንዱን ስትጨምር ሌላው ይወርዳል። ሦስት ነጥብና የውጭ መከላከል ያለው ሰው በትንሽ ቪሲ ቶሎ ይጠቅማል።

ሰርቨርን በተመለከተ ልማዱ የታወቀ ነው። የቱኬይ22 ሰርቨር ታኅሣሥ 31 ቀን 2023፣ የቱኬይ23 ደግሞ ታኅሣሥ 31 ቀን 2024 እንደ ፈረንጆቹ ተዘግቷል። ከወጡ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ማለት ነው። ሲዘጋ ኦንላይን ያለው ማይካሪየርህ፣ ማይቲም፣ ቪሲው፣ የሮስተርና የድራፍት ማውረጃው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በኮንሶልህ ላይ የተቀመጠ ማይኤንቢኤና የተለመደው የአንድ ጨዋታ ፍልሚያ ይቀራሉ። ስለዚህ የሚያስፈልግህን ሮስተር፣ የድራፍት ዝርዝርና ስላይደር አሁን አውርደህ በኮንሶሉ ላይ አስቀምጥ።

የዚህ ሁሉ ሥር ተፎካካሪ ማጣት ነው። ኤንቢኤ ላይቭ 19 በ2018 ከወጣ ወዲህ በኮንሶል ላይ የኤንቢኤ ፈቃድ ይዞ ከቱኬይ ጋር ፊት ለፊት የገጠመ ሙሉ ጌም የለም። ሜዳው ቢሻሻልም ሱቁን የሚገታ ኃይል ከውጭ አልመጣም።


ስልሳ_ፍሬም

ከግዢው በፊት የስሪቱን ነገር አጣራ። አንድ ስም ይዘው የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ጌሞች ናቸው። የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ገዝተህ ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ ብትከተው የሚከፈትልህ የድሮው ትውልድ ነው፤ የዘመኖቹ ማይኤንቢኤ እዚያ የለም፣ ስለ እግርና ክብደት ከላይ የተባለውም አይመለከተውም። ሳጥኑ ላይ ፒኤስ5 የሚል መኖሩን እይ። የኒንቴንዶ ስዊች ስሪትም የድሮው ትውልድ ነው፣ በዚያ ላይ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ። ኮምፒውተር ላይ ከቱኬይ21 እስከ ቱኬይ24 የድሮው ነበር የሚሸጠው፤ አዲሱ ትውልድ ኮምፒውተር የደረሰው በቱኬይ25 ነው። በኮምፒውተር የምትገዛ ከሆነ ከዚያ በፊት ያሉትን በቅናሽ ብታያቸውም እለፋቸው።

ቦታ ወደ 150 ጊጋባይት አዘጋጅ። ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ቶሎ ከጀመርክ አንዳንድ ሞዶች ተቆልፈው ይጠብቁሃል፤ ጌሙ ተበላሽቷል ብለህ አጥፍተህ እንዳትጭን፣ ማውረዱን አስጨርሰው።

ሹት አይገባልኝም ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ቴሌቪዥኑ ነው። የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ካላበራህ ምስሉን ለማሳመር የሚፈጀው ጊዜ በምትጫነውና በምታየው መካከል ይገባል። የሹቱ መስኮት በጣም ጠባብ ስለሆነ ያ መዘግየት ብቻውን አረንጓዴውን (በትክክለኛው ጊዜ የተለቀቀውን ሹት) ወደ «ትንሽ ዘግይቷል» ይቀይረዋል። ጌም ሞዱን አብራ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማንኛውንም አማራጭ አጥፋ፣ ከዚያ ብቻ የመልቀቂያ ምልክቱን ምረጥ። በሌላ ቴሌቪዥን የለመድከው ጊዜ እዚህ እንደማይሠራም እወቅ። ኦንላይን ከሆነ ደግሞ ኮንሶሉን በኬብል አገናኝ፤ በዋይፋይ የመዘግየቱ መጠን በየሰከንዱ ስለሚዋዥቅ እጅህ ሊለምደው አይችልም።

የማይኤንቢኤ ፋይልን በተመለከተ፣ ሁለት የማስቀመጫ ፋይል ይኑርህና እያፈራረቅክ አስቀምጥ። ረጅም ሊግ ፋይሉ ይገዝፋል፤ እያስቀመጠ ሳለ መብራት ቢሄድ ወይም ጌሙ ቢዘጋ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ከድራፍትና ከነፃ ተጫዋቾች ገበያ በፊት ደግሞ ሦስተኛ ፋይል ለይተህ ያዝ፤ ነገሮች የሚጠላለፉት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።


ሦስተኛው_ሩብ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፒኤስ5ን ስሪት እወስዳለሁ፣ በ1991 እጀምራለሁ። ኦል-ስታር ከዝንባሌ ለውጥ ጋር፣ ሩብ 10 ደቂቃ፣ ስሌቱ 12። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ እኔ 10 ስጫወት ሌላው 12 ከተሰላ የኔ ሰዎች ቁጥር አሁንም አያንስም?


የሊግ_ጸሐፊ

ያንሳል፣ ግን እንደ አምስት ደቂቃው አይሆንም። በእጅ ስትጫወት ቶሎ ሹት ስለምታደርግ በ40 ደቂቃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ90 በላይ የማጥቃት ተራ ይገባል፤ በቀመሩ ለካው። ከ92 በታች ከወረደ ሩቡን 11 አድርገው። 1991 ላይ ስትሆን ግን የዛሬውን የሦስት ነጥብ ቁጥር እንደ መለኪያ አትያዝ፤ በዚያ ዘመን አንድ ቡድን የሚሞክረው ከዛሬው ከሩብ በታች ነው። ፍጥነቱን፣ ፍሪ ትሮውን፣ ሪባውንዱን ለካ፤ የሦስት ነጥቡን ዝንባሌ ጌሙ እንዳስቀመጠው ተወው።